መሣሪያ ስንል

አንድ የማታውቁት ሰው በጨለማ "መሣሪያ አለህ?" ብሎ ቢጠይቃችሁ መጀመሪያ ወደ አእምሯችሁ የሚመጣው ምንድን ነው? መዶሻ? ሞረድ? ፒንሳ? እንዴት ተደርጎ! ጠመንጃ ነው፤ ቢያንስ ሽጉጥ። ጋዜጣው "ሕገ ወጥ መሣሪያ ተያዘ" ብሎ ሲጽፍ ካቻቢቴ ተያዘ ማለቱ እንዳልሆነ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። "እገሌ የእገሌ መሣሪያ ሆነ" ስንልም ሰውዬው ሌላውን መጉጃ ሆነ ማለታችን ነው እንጂ ጠቃሚ ሰው ወጣው ማለታችን አይደለም።

ቃሉ ሲወለድ ግን እንዲህ አልነበረም። አማርኛ የዕቃ ስም የሚያወጣበት የራሱ ፋብሪካ አለው። ግሡን ይወስድና ከፊቱ "መ"ን፣ ከኋላው "ያ"ን ይገጥምለታል። ጠረበ ብሎ መጥረቢያ፣ ሰረሰረ ብሎ መሰርሰሪያ ይላል፤ አንዳንዴ መጨረሻውን ለወጥ ያደርግና ፈታ ብሎ መፍቻ፣ አወጣ ብሎ ማውጫ ይላል። ራሱ "መሣሪያ" የሚለው ቃልም ከዚሁ ፋብሪካ የወጣ ነው። ሠራ ካለ በኋላ መሣሪያ አለ። የሚሠራበት ዕቃ ማለት ነው፣ አለቀ። ታዲያ የሥራው ቃል እንዴት ብሎ ወደ መግደያው ሄደ? "የጦር" የሚል ቅጽል ተለጠፈለትና አብሮ ዘመተ፤ ከዘመቻ ሲመለስ ቅጽሉ ወደቀ፣ ስሙ ግን እዚያው ጠመንጃው ላይ ተጣብቆ ቀረ።

ነገሩን ያነሣሁት የቀድሞ የሥነ ጽሑፍ አስተማሪ አመል ይዞኝ ብቻ አይደለም። ታሪካችንም ቃሉን ተከትሎ ስለሄደ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስን እንውሰድ። በ1850ዎቹ ዓ.ም. ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ የሰፈሩትን አውሮፓውያን ሚሲዮናውያን ባለ እጆች መድፍ ሥሩልኝ አሏቸው። ሰዎቹ አናውቅበትም አሉ። ንጉሡ ደግሞ "አናውቅም" የሚባለውን መልስ የሚሰሙ ሰው አልነበሩም። መጨረሻ ላይ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ወጣ። በመቶ የሚቆጠር ሰው እየጎተተ፣ መንገድ እየተጠረገለት መቅደላ ወጣ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። መድፉ ዛሬም እዚያው ተራራ ላይ አለ፤ አምሳያው ደግሞ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቆሟል።

እስቲ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቅ። መድፉ የተሠራበት መሣሪያስ የት አለ? ምድጃው በምን ዓይነት ጭቃ ተመረገ? ወናፉ ከስንት ቆዳ ተሰፋ? ያን የሚያህል የቀለጠ ማዕድን የፈሰሰበትን ቅርጽ ማውጫ ማን አበጀው? በመጀመሪያው ሙከራ እምቢ ያለው በኋላ እሺ ያለው ምን ተለውጦ ነው? ከሰሉን ያከሰለው፣ ወናፉን ሲነፋ ያደረው አገሬው ሰው ስሙ ማን ነበር? እኔ ባነበብኳቸው ዜና መዋዕሎች ውስጥ የለም። መድፉን እናስታውሳለን፤ መድፉን የወለደውን ረስተናል። የጋፋት ትልቁ ነገር ግን ለእኔ እሱ ነበር። መድፍ አንድ ጊዜ ይተኮሳል፤ ምድጃና ወናፍ የሚያውቅ እጅ ሺህ ዕቃ ይሠራል።

በአገራችን ግን ያ እጅ ሲከበር አልኖረም። ገበሬው ማረሻውን፣ ማጭዱንና መጥረቢያውን የሚያሠራው ከባለ እጁ ዘንድ ነው። ወታደሩ ጦሩን የሚያሾለው እሱ ነው። እመቤቲቱ ወረንጦዋን የምታገኘው ከእሱ ነው። ማታ ሲሆን ግን ቀጥቃጭ ነው፣ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ይበላል፣ ጅብ ሆኖ ያድራል። "ጠይብ" የሚለው ስድብ ከ"ጠቢብ" ጋር አንድ ዘር ነው። እንግዲህ አስቡት፣ ጥበበኛ የሚለውን ቃል ወስደን ስድብ ያደረግን ሕዝብ ነን! በጉለሌ አውራጎዳና ላይ ለሚመላለስ ሰው ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከአዲሱ ገበያ ብዙም የማይርቀው ቀጨኔ የሸክላ ሠሪዎችና የባለ እጆች ሰፈር ሆኖ የኖረ ነው፤ ሠራተኛ ሰፈርም ስሙን ያገኘው የቤተ መንግሥቱን ሥራ ከሚሠሩ ባለ እጆች ነው። ከተማዋን በእጃቸው ያቆሟት ሰዎች ከከተማዋ ጋር ለመጋባት ብዙ ዘመን መጠበቅ ነበረባቸው።

ዐፄ ምኒልክ ይህ ነገር እንደማያዋጣ ገብቷቸው ነበር። በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ቆዳ ፋቂውን በሥራው የሚሰድብ እንደሚቀጣ አስታወቁ። የሰው ሁሉ ዘር አዳምና ሔዋን ናቸው አሉ። በአውሮፓ መድፍ፣ ጠመንጃ፣ ባቡር የሚሠራ ሰው መሐንዲስ ተብሎ ይመሰገናል እንጂ አይሰደብም ሲሉም አስረዱ። ትልቅ ንግግር ነው። ግን ልብ በሉልኝ፤ ብረት ሠሪውን ለመከላከል የተነሡት ንጉሥ እንኳ ምሳሌ ሲያመጡ የጀመሩት ከመድፍና ከጠመንጃ ነው። መዶሻ ለማስከበር መድፍ መጥራት የግድ ነበር ማለት ነው።

የሚገርመው፣ በዚያው በ1900 ዓ.ም. ነው የመጀመሪያዋ መኪና አዲስ አበባ የገባችው። ቤዴ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የምትባለውን መኪናውን ከጅቡቲ አምጥቶ ለምኒልክ አሳያቸው። ባለ እጁ አይሰደብ የተባለበትና የባለ እጅ ያለህ የምትል መኪና የመጣችበት ዓመት አንድ ሆነ። አዋጁ ግን የሰውን አፍ በአንድ ቀን አልዘጋም፤ መኪናውም ጠጋኙን ይዞ አልመጣም።

ጠጋኙ በብዛት የመጣው ከጠላት ጋር ነው። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ማርሻል ባዶሊዮ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ ወደ 1,700 የሚጠጋ ተሽከርካሪ አሰልፎ ነበር። ያን ሁሉ ጎማ የሚቀይር፣ ያን ሁሉ ሞተር የሚፈታ ሰው አብሮ መምጣቱ ግድ ነው። የጣሊያን ጦር እንደ ሞቶ ጉዚ ያሉ ሞተር ብስክሌቶችም ነበሩት። ጠላት አምስት ዓመት ቆይቶ ወጣ። ጥሎት የሄደውን መዝገበ ቃላት ግን እስከ ዛሬ እንገላልጠዋለን። ወደ አንድ ጋራዥ ገብታችሁ ጆሯችሁን ጣል አድርጉ፤ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፓራፋንጎ፣ ክሪክ፣ ሞርሳ፣ ሴጌቶ፣ ላሜራ፣ ፌሮ። ይህን ሁሉ የሚለው ልጅ ሮም የት እንዳለች ላያውቅ ይችላል።

በዚህ ጎርፍ መሀል ያልተወሰዱ ቃላት አሉ። መዶሻ አሁንም መዶሻ ነው። ጉጠት ጉጠት ነው። ሞረድና መሮም እንደዚያው። ለምን ቢሉ ባለ እጁ ቀድሞ ስለነበራቸው ነዋ! ጣሊያን ስም የሰጠው እኛ ዘንድ ላልነበረው ነገር ነው። እንግዲህ የአንድ ጋራዥ አፍ እንደ አክሱም መሬት ድርብርብ ታሪክ ነው ማለት ነው። ከሥር የባለ እጁ አማርኛ አለ፣ በላዩ የጣሊያን ሞተር አለ፣ አሁን አሁን ደግሞ ከላይ "ሴንሰር" እና "ቻርጀር" እየተነጠፈ ነው።

ከነፃነት በኋላ ብዙ ጣሊያኖች ቢወጡም የተወሰኑት ሙያ ስላላቸው እዚሁ ቀሩ። ጋራዥ ከፈቱ፣ ረዳት ቀጠሩ። ረዳቱ አየ፣ ለመደ፣ ወጥቶ የራሱን ከፈተ። በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ተግባረ ዕድ ተመሠረተ። ስሙ ራሱ ደስ ይላል፤ በግዕዝ የእጅ ሥራ ማለት ነው። ቀጥቃጭ እየተባለ የተሰደበውን ነገር ግዕዝ አልብሰው ትምህርት ቤት አስገቡት። ከተግባረ ዕድ የወጣው ግን ለመንግሥት መሥሪያ ቤትና ለትልልቅ ድርጅት እንኳ አልበቃም። የመንደሩ ጥገና በአብዛኛው በረዳትነት በተማረው እጅ ላይ ወደቀ።

ከዚያ ደርግ መጣና የውጭ ምንዛሪ ጠፋ፤ ቤንዚን በኩፖን ሆነ፤ መለዋወጫ እንደ ታቦት አልታይ አለ። ችግር በቅቤ ያስበላል እንደሚባለው ነው። የመርካቶው ምናለሽ ተራ ያን ጊዜም ከዚያም በኋላ የዚህ ቅቤ መናገሻ ነው። የቆርቆሮ ጣሳ ገብቶ ኩራዝ ሆኖ ይወጣል፤ የዘይት በርሜል ገብቶ ምድጃ ሆኖ ይወጣል፤ የመኪና ጎማ ገብቶ በርባሶ ሆኖ ይወጣል። የመኪና ባልስትራ ደግሞ በየገጠሩ ባለ እጅ ዘንድ ይገባና ቢላዋና ማረሻ ሆኖ ይወጣል። ከአውሮፓ ወይም ከጃፓን የመጣው የጭነት መኪና ሞቶም አገራችንን ያርሳል ማለት ነው።

አሁን ወደ ሞተር ብስክሌቱ ልምጣ። ሕዝቡ በድምፁ ዶቅዶቄ ያለው ይህ ዕቃ በአገራችን ብዙ ጊዜ የሥራ ፈረስ ነው። የግብርና ባለሙያው፣ ክትባት የሚሰጠው ጤና ሠራተኛ፣ ቄጤማ በበቀለበት ኩሬ የሚሻገረው የዕርዳታ ድርጅት ሠራተኛ በያማሃ፣ በሆንዳና በሱዙኪ ነው አገር ያቀኑት። በኋላ የህንዶቹ ባጃጅና ቲቪኤስ ተጨመሩ፤ ከተማ ውስጥ ደግሞ ዕቃ አድራሹ ወጣት መጣ። መኪና ባለሀብትን ይከተላል፤ ሞተር ግን ደመወዝተኛን ይከተላል። ጥገናውም እንደ ባለቤቱ ኪስ መሆን አለበት።

ሞተር ብስክሌት ከመኪና ይልቅ በእጅ የተሠራ መሣሪያ የሚያስፈልገው በሌላም ምክንያት ነው። ሁሉ ነገር ጠባብ ቦታ ላይ ታጭቋል። ፋብሪካው ያሳተመውን የጥገና መጽሐፍ ብትገልጡት በየገጹ "ልዩ መሣሪያ" ይላችኋል፤ ይህን ለመንቀል ይህ ቁጥር ያለው፣ ያን ለመያዝ ያ ቁጥር ያለው እያለ። ልዩ መሣሪያው ለአንድ ሥራ ብቻ የሚሆን ነው። የሚሸጠውም ወኪሉ ዘንድ ነው፣ ያውም ከተገኘ። አንድ ጠጋኝ ደግሞ በቀን አምስት ዓይነት ሞተር ይመጣበታል። ሁሉን ይግዛ ቢባል የሱቁን ዓመት ገቢ ይበላዋል። ስለዚህ ይሠራዋል።

አዲሱ ገበያ ለዚህ ሥራ የተመቸ ቦታ ነው። የጎጃም መንገድ በዚህ አልፎ ወደ ሱሉልታ ሽቅብ ይወጣል። ቁመቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ይበልጣል፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሩብ ያህል ይቀንሳል። በቆላ አየር ተለክቶ የመጣ ካርቦራተር እዚህ ሲደርስ አየሩ ሳስቶበት ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ሁለት ሰውና አንድ ኩንታል ጭኖ ዳገቱን ለሚወጣ ሞተር ደግሞ ፍሪሲዮኑ ይቃጠላል። ዳገቱ ራሱ ደንበኛ ያመጣል።

ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለች አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ደጃፍ ቆሜ ሥራ ሳይ የዋልኩበት ቀን አለ። ባለ ሱቁ ወደ አርባዎቹ የሚጠጋ ነው፤ ሁለት ረዳቶች አሉት። ግድግዳው ላይ ሚስማር ተመትቶ መሣሪያዎቹ ተሰቅለዋል። ግማሾቹ ተገዝተው የመጡ ናቸው፤ ግማሾቹ ግን ሱቅ ውስጥ አይታችኋቸው አታውቁም። አንዷን አውርጄ አገላበጥኳት።

"ይቺ ምንድን ናት?"

"የማግኔት ማውጫ ናት፣ ጋሼ።"

"የት ትሸጣለች?"

"ኧረ አትሸጥም! የአሮጌ ሆንዳ የኋላ ፐርኖ እኮ ናት። ጥርሷ ከማግኔቱ ጥርስ ጋር ልክ ነው።"

ፐርኖ የሚለው ጎማው የሚሽከረከርበትን ዘንግ ነው። ማግኔቱ በሾጣጣ ዘንግ ላይ ተጣብቆ የተቀመጠ ከባድ ጎማ መሰል ብረት ነው። በመዶሻ ቢመቱት ማግኔቱ ይሰነጠቃል ወይም ዘንጉ ይጣመማል። ፐርኖው ግን በመሀሉ ጥርስ ገብቶ ሲጠብቅ ዘንጉን ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ማግኔቱ ጧ! ብሎ ይለቃል። በአንዳንድ የጃፓን ሞተሮች የኋላ ዘንጉ ጥርስና የማግኔቱ ጥርስ አንድ መሆኑን ማን መጀመሪያ እንዳስተዋለ እንጃ። በሌላ አገር ያሉ ጠጋኞችም ይህን ዘዴ ያውቁታል፤ ችግር የትም ዓይን ይከፍታል።

ሌላም አሳየኝ። የካንዴላ መፍቻው የውሃ ቱቦ ነው፤ ከሰል ላይ ቀልቶ፣ ባለ ስድስት ማዕዘን የብሎን ራስ ውስጡ ገብቶ፣ ዙሪያውን በመዶሻ ተቀጥቅጦ ቅርጹን የያዘ። ከላይ ተበስቶ የፌሮ ቁራጭ እንደ እጀታ ይገባበታል። የጎማ ማውለቂያዎቹ ከባልስትራ ተቆርጠው ጫፋቸው በሞረድ የለሰለሰ ነው። ከፍሬን ዘይት ውስጥ አየር የሚያስወጣው በሐኪም ቤት የግሉኮስ ቱቦ ነው፤ ገላጭ ስለሆነ አረፋው ይታያል። የካርቦራተሩን ቀዳዳ የሚያጸዳው ከፍሬን ገመድ በተመዘዘች አንዲት ክር ነው። የቫልቩን ክፍተት የሚለካው በምላጭ ነው። አዎ፣ በጢም ምላጭ! የምላጭ ውፍረት 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ትንንሽ ሞተሮች ደግሞ የሚፈልጉት ክፍተት ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ሞተሩ ውስጥ የሚንኳኳውን ሲያዳምጥ የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርጋል። ሐኪም ነው እኮ!

አንዷ መሣሪያ ግን ስም አጣሁላት። ሁለት ያረጁ የፍሪሲዮን ሳህኖች በፌሮ ዘንግ ጫፍ ላይ ተበይደዋል። ፍሪሲዮኑ ሲፈታ እንዳይሽከረከር ቀጥ አድርጋ ትይዛለች።

"ይቺስ ማን ትባላለች?"

ሰውዬው ሳቀ። "ስም የላትም። 'ያቺን' ስል ልጆቹ ያቀብሉኛል።"

ያቺ! ከሁሉ የገረመኝ ይህ ነው። ፍቱን መሣሪያ፣ በየቀኑ እንጀራ የምታበላ፣ ስሟ "ያቺ" ነው።

ሥራውን የተማረው መርካቶ፣ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ነው። ሽማግሌው ረዳት ሲቀበሉ ሕግ ነበራቸው። የራስህን የካንዴላ መፍቻ ሳትሠራ የሰው ሞተር አትነካም ይሉ ነበር። እሱ ሦስት ቱቦ አበላሽቷል። አንዱን አብዝቶ አሙቆ አሳሳው፤ ሁለተኛው ሰፋ፤ ሦስተኛው ጠመመ። በአራተኛው መፍቻ ብቻ ሳይሆን ሙቀት፣ ልክና ትዕግሥት ይዞ ወጣ። አሁን የእሱም ረዳቶች በዚሁ ወንፊት ያልፋሉ። አንድም ገጽ መጽሐፍ የሌለው ትምህርት ቤት ነው፤ ፈተናው ግን ከብዙ ዩኒቨርሲቲ ይከብዳል።

እንዲህ ሲባል ድህነትን ማሞገስ እንዳይመስልብኝ። በእጅ የተሠራ መሣሪያ የሚያመጣውን ጣጣ ባለ ሱቁ ራሱ ከእኔ በላይ ያውቃል። ለስላሳ ብረት ያንሸራትታል፤ የብሎኑን ማዕዘን ይበላል፤ ያንሸራተተበት እጅ ደግሞ ይላጣል። የጠነከረ ብረት በጠነከረ ብረት ሲመታ ፍንጣሪ ይወጣል፤ ዓይን ያጠፋል። ለብየዳ የፀሐይ መነጽር የሚያደርጉ ልጆች አይቻለሁ፤ ያ መነጽር ዓይናቸውን አያድንም። ምላጩም ቢሆን ለ0.1 እንጂ ለ0.05 አይሆንም። ክፍተቱ ከሰፋ ሞተሩ ይንኳኳል፤ ከጠበበ ቫልቩ ይቃጠላል። ለዚህ ሥራ የሚሆነው የተለካ ፊለር ጌጅ ነው፤ ለፍሬን ጥገናም ቀልድ የለም። "የእኛ ልጆች እኮ በምላጭ ይለካሉ!" ብሎ መኩራት፣ ፊለር ጌጅ ለመግዛት ያልቻለውን ሰው በጭብጨባ ማሰናበት ነው። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች የሚለው ተረት የሚያሳዝን እንጂ የሚያስደስት ተረት አይደለም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ይህ ሁሉ ዕውቀት የት ተጽፏል? የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ለመሥራት ወደ ገጠር ሲወጡ፣ ቴፕ ይዘው ቀረርቶና ፉከራ፣ ሙሾና እንቆቅልሽ ሲሰበስቡ ዓመታት አይቻለሁ፤ መልካም ሥራ ነው፣ ብዙ ነገር ከመጥፋት አድኗል። ፉከራው ግን የማን ነው? የጀግናው። ጦሩን ከብረት ያወጣለት ሰው ወናፉን እንዴት እንደሚያስር የጠየቀው ተማሪ አላጋጠመኝም። በደቡብ ምዕራብ የዲሜ ሰዎች ብረት ከድንጋይ እንዴት እያቀለጡ ያወጡ እንደነበር ማንበብ ብንፈልግ የውጭ ተመራማሪ የጻፈውን ፍለጋ እንሄዳለን። ቃል ግጥም ውስጥ ሲገባ እናከብረዋለን፤ ግድግዳ ላይ በሚስማር ሲሰቀል አናየውም።

ያልተጻፈ ዕውቀት ደግሞ እንደ ሻማ ነው፤ የነፋሱ አቅጣጫ ሲቀየር ይጠፋል። ነፋሱ ተቀይሯል። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ያለ ፈቃድ በሞተር ብስክሌት መንቀሳቀስ ተከልክሎ፣ በማኅበር የተደራጀና መቆጣጠሪያ የተገጠመለት ብቻ እንዲሠራ ሲደረግ፣ ብዙ የመንደር ሞተር ከበረንዳ ሥር ሸራ ለበሰ። ምክንያቱ በሞተር የሚፈጸም ዝርፊያ ነበር፤ ዝርፊያውም እውነት ነበር። ሞተሩ ሲቆም ግን ጠጋኙም አብሮ ቆመ። ባለ ሱቁ ያን ክረምት ሁለቱን ረዳቶቹን አሰናብቶ ነበር፤ የተመለሰው አንዱ ብቻ ነው፣ ሁለተኛው አዲስ ነው። አንድ ረዳት ጥሎ ሲሄድ የሄደው የሰው ጉልበት ብቻ አይደለም፤ አራት ቱቦ የፈጀ ዕውቀት ነው።

በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ሞተር ብስክሌቱም ወደ ኤሌክትሪክ እያዘነበለ ነው። በኤሌክትሪክ ሞተር ላይ ካንዴላ የለም፤ ቫልቭ የለም፤ ካርቦራተር የለም፤ ብዙዎቹም ፍሪሲዮን የላቸውም። የዳገቱ አየር ቢሳሳ ባይሳሳ ግድ አይሰጠውም። ጭሱ ይቀራል፣ እሰየው። ያን ጊዜ ግን ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሁሉ ለምናለሽ ተራ ይሄዳል። "ያቺ"ም ቀልጣ ሌላ ነገር ትሆናለች። ከልጅ ልጆቻችን አንዱ "አያቶቻችን ሞተር እንዴት ይጠግኑ ነበር?" ብሎ ቢጠይቅ የምንሰጠው መልስ ለጋፋት ወናፍ እንደምንሰጠው ያለ ዝምታ ይሆናል።

መፍትሔው ያን ያህል ከባድ አይመስለኝም። በየክፍለ ከተማው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አለ። አንድ ተማሪ ከመመረቁ በፊት በእጅ የተሠራ አንድ መሣሪያ ፈልጎ ያግኝ። በእርሳስ ይሳለው፣ በሚሊ ሜትር ይለካው፣ ከምን እንደተሠራ፣ የት እንደሚያንሸራትት፣ ማን ለማን እንዳስተማረው ይጻፍ። አደገኛ ከሆነም አደገኛ ነው ብሎ ይጻፍ፤ የሚሻለውን ያመልክት። በዓመት ሺህ ተማሪ ቢመረቅ ሺህ መሣሪያ ከነታሪኩ ይኖረናል። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የአገሩን የእጅ ሥራ ዕቃ ይዟል፤ ከዚያ አጠገብ ለአንድ የካንዴላ መፍቻ የሚሆን መደርደሪያ አይጠፋም። የፋብሪካ ባለቤቶችም ካታሎግ ሲገልጡ ከሚውሉ ያን መዝገብ ቢያዩ፣ አገሩ ምን መሣሪያ እንደቸገረው ያለ ጥናት ገንዘብ ያውቁታል። ጠጋኙ በምላጭ የለካው ፊለር ጌጅ ስላጣ ነው፤ ፊለር ጌጁን ሠርቶ በርካሽ የሚሸጥለት ሰው ገበያው ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ስም መስጠት ይቀድማል። ስም የሌለውን ነገር መመዝገብም፣ ማስተማርም፣ ማሻሻልም አይቻልም። ለዚህ ደግሞ ጣሊያን ድረስ መሄድ አያሻንም። ያቺ ፍሪሲዮን የምትይዘው ብረት ሥራዋ መያዝ ነው፤ ያዘ ብሎ መያዣ። የፍሪሲዮን መያዣ። ግማሹ ጣሊያን፣ ግማሹ አማርኛ፤ ልክ እንደ ታሪካችን። የቋንቋው ፋብሪካ ሥራ አልፈታም፤ ብረቱን ብቻ ስጡት።